የታኘከ ዳቦ

"እማ፣ ይኼ ነገር ከማን ነው የያዘኝ?"

ዊዳድ በደሴው ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆዷን አቅፋ ስትጠይቃት፣ እናቷ ሸሪፋ የምርመራውን ወረቀት አገላበጠች። የእናትና ልጅ ምርመራ አንድ ሆኖ ነበር የወጣው፦ የጨጓራ ባክቴሪያ። የልጅ ጨጓራ ቆስሏል፤ እናት ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም።

"ጭጎጎት ያውቁ የለ፣ እናቴ?" አላት ሐኪሙ ሞላ። "ልብስ ላይ የሚጣበቀውን?"

"እንዴት አላውቅ! የኩታበር ገጠር ልጅ አይደለሁ?"

"ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የጨጓራ ህዋስ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ህዋሱ ራሱ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከገባ በኋላ ነው ህዋሱን የሚበሳሳው፣ የሚያሳብጠው።"

"ሰብሮ አይደለማ የሚገባው?"

"አይደለም። ተቀብሎት ነው።"

ሸሪፋ ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለች። "ከሰው ወደ ሰውስ በምን ይሻገራል?"

"ብዙውን ጊዜ በአፍ ነው፤ በልጅነት፣ ከቤተሰብ። ለሕፃን አኝኮ ማጉረስ ካለ ይቅር። መድኃኒቱንም ሁለታችሁ ሳታቋርጡ ጨርሱ።"

ሸሪፋ ዊዳድን ዳቦም ሥጋም እያኘከች ነው ያሳደገቻት። ራሷም እንዲሁ ነው ያደገችው። አሁን ደግሞ ተራው የልጅ ልጇ የተውፊቅ ነው፤ ዊዳድ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታ ስፌት ፋብሪካ ስለምትሠራ፣ ልጇ ደሴ አያቱ ዘንድ ነው የሚያድገው።

ቤት ሲመለሱ፣ ሕፃኑን ይዛ የቆየችው ጎረቤታቸው አባይነሽ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። "ወይ ጉድ! ጥርስ ለሌለው ጥርስ ማበደር ጽድቅ አይደል እንዴ? እኛስ በምን አደግን?"

ሸሪፋ አልሳቀችም። ማታ ማታ በምትማረው ፊደል የመድኃኒቱን ማሸጊያ ታግላ አነበበች፦ ጠ…ዋ…ት…ና ማ…ታ።

በነጋታው ዊዳድ ወደ ኮምቦልቻ ለመመለስ ልብሷን ስታጣጥፍ ተውፊቅ አለቀሰ። ሸሪፋ ዳቦ ቆረሰችለት።

"እማ!" አለች ዊዳድ።

ሸሪፋ እጇን አየች። ዳቦው ልሞ በጣቶቿ መሃል ነው። ተውፊቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። መቼ እንዳኘከችው አላወቀችም።

"ወላሂ፣ አላሰብኩትም።" ጉርሻውን በጨርቅ ጠቀለለችው። "ትናንት ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው መሰለኝ፣ ልጄ። ውሰጂው።"

"ምኑን?"

"ልጅሽን። አንቺ አኝኮ የማጉረስ ልማድ የለሽም፤ ድኜ ነጻ ነሽ እስክባል አንቺ ጋ ይሁን። አከራይሽ ኩኩ ቀን ቀን ልያዝልሽ ብላሽ የለ?"

"እሱን ሳታቅፊ እንቅልፍ ሊወስድሽ?"

"አይወስደኝም። ግን አፌን አላምነውም።"

መናኸሪያ ሲደርሱ ተውፊቅ ከእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እጁን ወደ አያቱ ዘረጋ። ሸሪፋ የራሷን እጅ ከሻርፗ ስር አላወጣችም።

ዊዳድና ተውፊቅ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ሸሪፋ ደሴ ቀረች።