ሚስማሩ ላይ የሌለ ቁልፍ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በል» እያለ ነው የሚጠራው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ቶሎ ጨርስልኝ፣ ቀጠሮ አለብኝ» ያለው ደንበኛ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ቀስ በል ወዳጄ፣ ጆሮህ ተመልሶ አይበቅልም።» በዚሁ ስሙ ሆኖ ቀረ። እሱም አልከፋውም፤ እንዲያውም ሲጠሩት ደረቱን ነፋ ያደርግ ነበር። ለምን አይነፋ? ይህን ሁሉ ዘመን መቀስና ምላጭ ጨብጦ አንድ ሰው አላደማም።

በሱቁ እንዲህ ከሆነ በጋራዡማ ተዉት። ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ የተሸፈነች፣ አንዲት መኪና ተጨናንቃ የምትገባባት ጋራዥ አለችው። ሰኞ ሰኞ ሱቁ ዝግ ስለሆነ እዚያችው ይውላል። አሮጊቷን መኪናውን ለማንም መካኒክ እጅ አይሰጥም፤ ሊነካት ሲነሳ ግን ሥርዓቱ ለጉድ ነው። መጀመሪያ የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ «የሞተር ጭስ አይጮህም፣ አይናከስም፣ እያስተኛ ነው የሚገድለው» ይላል። የጋብቻ ቀለበቱን ያወልቃል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ይጠቀልላል። የኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ይሸጉጥና የሸጎጠውን መልሶ በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ ይፈትነዋል። በክሪክ ካነሳት ደግሞ ክሪኩን አምኖ ሥሯ አይገባም፤ የብረት ድጋፍ ያቆምላታል፣ በዚያ ላይ ትርፍ ጎማውን ያጋድማል። ጥግ ላይ አሸዋ የሞላ ባልዲ አለ። «ቤንዚን ሲቀጣጠል ውሃ ይዘህ ልትሮጥ ነው?» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ኧረ ተው! ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ አልተዘጋጀህም» ትለዋለች ሚስቱ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላታል እሱ፣ ታኮውን እየረገጠ።

አትፍረዱበት። ሀብቱ እጁ ነው። መቀስ በአውራ ጣት ነው የሚታዘዘው፤ አውራ ጣቱ የተጎዳ ፀጉር አስተካካይ ወንበሩን ሸጦ ይቀመጥ እንደሆን እንጂ ሌላ ምን ይሠራል? ይህን ስለሚያውቅ ድሮ ድሮ ሞተሩ አጠገብ እጁን ከማስገባቱ በፊት የባትሪውን ገመድ ይፈታ ነበር። ታዲያ ገመዱ በተፈታ ቁጥር የመኪናዋ ሬዲዮ ጣቢያውን ይረሳል፣ ሰዓቷም ወደ ዜሮ ትመለሳለች። ሚስቱ አኮረፈች። «ሰኞ በመጣ ቁጥር ጣቢያ ስፈልግ ልኑር?» አለች። ቀስ በል በዕድሜው አንድ ቀን ተሸነፈ፤ ተሸነፈና በባትሪው ፋንታ የሚስማሩን ሕግ አወጣ።

ሕጉ ቀላል ነው። ጋራዡ መግቢያ ላይ፣ በዓይን ትክክል፣ አንድ ሚስማር መታ። የመኪናዋ ቁልፍ አንድ ነው፣ ቦታውም ሚስማሩ ነው። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ካለ መኪናዋ ለመንካት ነፃ ናት፣ የሚነዳት ግን ምንጊዜም እሱ ብቻ ነው፤ ከሌለ ቁልፉ ቀስ በል ኪስ ውስጥ ነው፣ ቀስ በልም መኪናዋ ውስጥ እጁን ከቷል ማለት ነው፣ ማንም ዝር አይልም። ሚስቱን ሚስማሩ ፊት አቁሞ አስማላት። ታናሽ ወንድሙንም አስማለው።

ይህ ታናሽ ወንድሙ እናታቸው ስትሞት በእጁ ላይ የቀረ ነው። አብልቶ፣ አስተምሮ፣ የመጀመሪያ ጢሙን ራሱ ላጭቶ ለወግ ያበቃው እሱ ነው። አሁን ስልክ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሯል፤ የሚኖረው ግን እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ክፍል ነው። እስካሁን «ጋሼ» እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ሚስማሩ ፊት ቆሞ «ጋሼ ሙት!» ብሎ ነው የማለው። ሲምል እየሳቀ ነበር፤ ቀስ በልም አብሮት ስቋል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ቀስ በል ራሱን መጠራጠር ጀመረ። መኪናዋ ውስጥ ሲገባ ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ያገኘዋል፤ እግሩ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። ቤንዚኑ ባልሄደበት መንገድ ይጎድላል። «አረጀሁ መሰለኝ» ይላታል ሚስቱን። «ወይ እኔ እየረሳሁ ነው፣ ወይ ታንከሩ ያፈሳል።» እሷም «ይሆናል» ትለዋለች። ስለዚህ ሰኞ ሲመጣ ድጋፉን አቁሞ፣ ትርፍ ጎማውን አጋድሞ፣ በጀርባው ተኝቶ ታንከሩን ሲያሻሽ ይውላል። እሷ ደግሞ ጎንበስ ብላ የእጅ ባትሪ ታበራለታለች። ጠብታ እንኳ አላገኘም።

የዚያን ሰኞ ሥራው ሌላ ነበር። ቺንጋው፣ ማለትም ማራገቢያውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ሰንብቶ ሲጮህበት ነበርና ሊቀይረው ተነሳ። ሥርዓቱን አንድም አላጎደለም። በሩን ከፈተ፣ ቀለበቱን አወለቀ፣ ታኮውን ረገጠ። ቁልፉን ከሚስማሩ አንስቶ ኪሱ ከተተና ከውጭ መታ መታ አድርጎ መኖሩን አረጋገጠ። ኮፈኑን አነሳ፤ ከፊት በኩል አጎንብሶ ቀኝ እጁን ቺንጋው ሥር አስገባ።

ምሳ ሰዓት አካባቢ የመኪናዋ በር ሲከፈት ሰማ። ሰምቷል፤ አልሰማሁም አላለም። «ሻርፗን ረስታ ይሆናል» አለ ስለ ሚስቱ በልቡ፣ ቀናም አላለ። ምን ያስጨንቀዋል? ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

ሞተሩ ተነሳ።

ቀስ በል እንዴት እንደጮኸ ጎረቤት ይናገር። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ፣ ግን ቺንጋው አውራ ጣቱን ይዞ ከብረቱ ጋር አንድ ዙር ዞሯል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግራ እጁን ወደ ቁስሉ አይደለም የሰደደው፣ ወደ ኪሱ ነው። ዳበሰ። ቁልፉ አለ። መልሶ ዳበሰ። አለ! ደሙ ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ «እንዴ?» አለ፣ እንደ ሕፃን።

ከኮፈኑ ጀርባ ወንድሙ ብቅ አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። እጁ ላይ ቁልፍ አለ፣ ገና የሚያብለጨልጭ።

«ጋሼ! እኔን! እኔን ይድፋኝ!»

ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነው ወንድሙ እያለቀሰ የተናዘዘው። ትናንት፣ ጋሼው ሱቅ ሳለ፣ መኪናዋን ወስዶ ጓደኞቹን ሲያንሸራሽር ውሏል። ሲመልሳት በግድግዳው በኩል ያለውን መስኮት ሳይዘጋ ቀረ። ሥራ ቦታው ሆኖ ትዝ አለውና ሳይታወቅበት ሊዘጋ በምሳ ሰዓት ሮጦ መጣ። መስኮቱ በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ስለሆነ ያለ ቁልፍ አይሠራም። ኮፈኑ ተከፍቶ አይቷል፤ «ጋሼ ምሳ ሊበላ ገብቷል» ብሎ ገመተ። ቁልፉን ሲያዞር ቸኩሎ እስከ ማስነሻው ድረስ አሳለፈው።

«ሚስማሩንስ?» አለ ቀስ በል። እጁ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ ድምፁ ግን ፀጥ ያለ ነበር። «ስትገባ ሚስማሩን አላየህም?»

«የራሴን ቁልፍ ካስቀረፅኩ ወዲህ» አለ ወንድሙ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ሚስማሩን ማየት ትቻለሁ ጋሼ።»

ሐኪሙ የአውራ ጣቱን ጫፍ ማትረፍ አልቻለም።

ከሐኪም ቤት በተመለሰ ማግስት ጠያቂ ግቢውን ሞላው። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ አጠገቡ ተቀመጠና «ምነው ወንድሜ፣ አንተ ቁንጫ ለመያዝ እንኳ ታኮ የምትሸጉጥ ሰው! ምን ነክቶህ ነው?» አለ።

ቀስ በል አፉን ሳይከፍት ሚስቱ ቀደመች። «ቁልፉን መኪናዋ ላይ ረስቶት ነው እኮ» አለች፣ ትራሱን እያስተካከለች። «ይኼ ልጅ ምን ያውቃል፣ መስኮት ልዝጋ ብሎ ነካው። እግዜር ሲያመጣው ምን ይደረጋል!»

ወንድሙ በሩ አጠገብ ቆሟል። አንገቱን ደፋ፣ ግን «የለም» አላለም።

ቀስ በል ሚስቱን አያት። እሷ አላየችውም። ሰው ፊት ገመናውን የሚያወጣ ሰው አይደለም። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን መታ መታ አደረገውና «አይዞህ፣ ሰው ነህ፣ መርሳት ያለ ነው» አለው። በማግስቱ ወሬው ሱቁ በር ላይ ደረሰ። «ሰማችሁ? ቀስ በል ቸኮለ አሉ!» ተባለ። ተሳቀ። በክፋት አልነበረም፣ ግን ተሳቀ። ጣቱ የተቆረጠ ዕለት ያላለቀሰ ሰው ይህን ሲሰማ እንባው መጣ።

ጠያቂው ሲያልቅ ሁለቱንም ጠርቶ ጋራዡ ውስጥ፣ ሚስማሩ ፊት አቆማቸው።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለው ወንድሙን። ወንድሙ አውጥቶ ግራ እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ለማስቀረፅ ዋናውን ከሚስማሩ አንስቶ የሰጠህ ማን ነው? እኔም አንተም ሥራ ስንሄድ ግቢው ውስጥ የሚቀረው ማን ነው?»

ወንድሙ ወደ እትዬው ዞሮ አየ።

ሚስቱ ቦርሳዋን ከፈተችና ከታች፣ ከመስታወቷና ከመሐረቧ ሥር፣ ሌላ ቁልፍ አወጣች። እሱም ያብለጨልጫል፤ እንዳይጠፋባት ቀይ ክር አስራበታለች።

«ምን ላድርግ?» አለች፣ ቁጣና ለቅሶ ተቀላቅሎባት። «ዳቦ ልግዛ ስልህ ግማሽ ሰዓት ጎማ ስትደበድብ! እናቴ ታመመች ስልህ ዘይት ስትለካ! ሰለቸኝ። ሚስማሩ ባዶ ሆኖ ብታይ ስለምታውቅብን ሁለት አስቀረፅን፣ አንድ ለእሱ፣ አንድ መጠባበቂያ ለእኔ። አንተ ሱቅ ስትሄድ እሱ ሥራ በሌለው ቀን ያደርሰኛል፣ ይመልሰኛል። ማንን ጎዳን?»

ያን ጊዜ ነው የገባው። ጣቱ እንዲያ አላመመውም።

«ታንከሩ ያፈሳል ብዬ ሥሯ ተጋድሜ ስፈልግ» አለ፣ «መብራት የያዝሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

እሷ ባለ ቀይ ክሩን ቁልፍ ግራ እጁ ላይ ጨመረችለት።

«አረጀሁ መሰለኝ ስልሽ ይሆናል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እሺ፣ ቁልፍ አስቀረፃችሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ ናቃችሁኝ፣ ይሁን። ጣቴም ይሂድ። እኔ ረሳሁ ብለሽ ለሰው ስትናገሪ ግን አንቺ ሴትዮ፣ ምን ተረፈኝ? ከእንግዲህ ጆሮውን ለእኔ መቀስ የሚሰጠኝ ማን ነው?»

«ልጁን ሰው እንዳይጠላው ብዬ ነው» አለች በቀስታ።

«እኔስ? እኔ የማን ነኝ?»

ወንድሙ ተንበርክኮ እግሩን ያዘ። ቀስ በል አላነሳውም፣ አልገፋውምም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሱን የጣሉት ግን ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱንም ራሱ ነው የቀለባቸው። ሚስቱ ሁለቱን አዲስ ቁልፎች ከእጁ ላይ ወሰደች፣ ዋናውንም ከኪሱ አወጣች፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች።

«ይኸው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሁሉም ቦታው ገባ። ልብስ ሰፊውንም ጠርቼ እውነቱን እነግረዋለሁ። ይቅር በለን።»

ቀስ በል ሦስቱን ቁልፎች ሲያይ ቆየ።

«አራተኛው የማን ነው?» አለ።

«አራተኛ የለም! በእናቴ!»

«ጋሼ ሙት፣ የለም!»

አራተኛ በእርግጥ አልነበረም። እነሱ እውነታቸውን ነበር። እሱ ግን ከመደርደሪያው መፍቻ አነሳ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ በማያውቅበት ግራ እጁ የባትሪውን ገመድ መፍታት ጀመረ። መፍቻው እየተንሸራተተ ብረቱን ይጭራል።

«ጋሼ፣ እኔ ልፍታልህ» አለ ወንድሙ ተነስቶ።

«እዚያው ቁም።»

ብዙ ታገለ፣ በመጨረሻ ገመዱ ተላቀቀ። መኪናዋ ውስጥ ሰዓቷም የሚስቱ ሬዲዮ ጣቢያም ጠፉ። ቀስ በል ኮፈኑን ሳይዘጋ፣ መፍቻውን ጨብጦ፣ በመካከላቸው አልፎ ወደ ቤት ገባ።