መጫወት የማታውቀው ድመት

ድመት መጫወት አታውቅም ቢባል ማን ያምናል? አይናለምም አላመነችም። የማንኩሳዋ እህል ነጋዴ ሸጋዬ መጋዘኗን ልትዘጋ ስትል ድመቲቱን በዘንቢል ከታ ሰጠቻትና፣ «ይቺ እኮ ሥራ እንጂ ጨዋታ አታውቅም፤ እንዳትጠብቂባት» አለቻት። አይናለም ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ድመቲቱ ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ በጆንያ ክምር መሀል፣ አንገቷን በሲባጎ ታስራ ነው ያደገች። አይጥ ሲመጣ ትይዛለች፣ ትበላለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ዕድሜዋ ይኸው ነው።

አይናለም ድመት ስትፈልግ ለጎረቤት የነገረችው ጎተራዬን አይጥ ፈጀብኝ ብላ ነው። አይጥማ አለ፣ የት አይኖር። እውነቱ ግን ቤት ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር ናፍቋት ነበር። ባሏ ዳኘው ልጃቸው ስመኘው ከሞተ ወዲህ አፉን ለጉሟል። ለሥራ የምትሆን ቃል ብቻ ይወረውርላታል፦ በሬዎቹ ውሃ ጠጥተዋል፣ በሩን ዝጊው፣ ጨው አልቋል። ከዚያ ወዲያ ዝም። ድሮ እኮ ሰርግ ቤት ዳኘው ካልመጣ ወግ አይጀመርም ነበር።

የዝምታውን ምክንያት አውቀዋለሁ ትላለች። ስመኘውን ቡሬ የላከችው እሷ ናት። እህቷ ታማ ነበርና፣ «ይችን ቅል ቅቤ አድርስላትና ተመለስ» ብላ ሰደደችው። የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ ተኩስ መሀል ገባ። ልጁ ሬሳ ሆኖ ነው የተመለሰ። ለቅሶው ላይ የዳኘው እህት ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልካ ያስበላች» ብላ ስትሰድባት ዳኘው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ መሬት መሬቱን ከማየት በቀር ምንም አላለም። አይናለም ዝም ማለቱን እንደ ፍርድ ቆጥራ ተቀበለችው።

ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ይሄይስ ሄደችና ቀኖና ይስጡኝ አለች። እሳቸው፣ «ልጅን አክስቱ ቤት መላክ ምኑ ነው ኃጢአቱ?» ቢሏት እሺ አላለችም፤ አልቅሳ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻቸው። ቢቸግራቸው፣ «በይ እንግዲያስ ጧት ጧት ስገጂ፤ ለልብሽ ዕረፍት ይሁንሽ» አሏት። ይኸው ሁለት ዓመት ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ ትሰግዳለች። ጉልበቷ አብጦ እንደ ድሮው አያራምዳትም። ዳኘው ቀድሟት ይነሳና የመታጠቢያ ውሃዋን በጆግ ቀድቶ በሩ ሥር ያስቀምጥላታል። ያችን ውሃ የርኅራኄ ምልክት አድርጋ ወስዳታለች። አንድ ቀን ቃል ይጨምርባታል፣ ወይ «በቃሽ» ይለኛል፣ ወይ «አንቺ ነሽ የገደልሽው» ይለኝና ይወጣለታል እያለች ትጠብቃለች። ከሁለቱ የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ይናገር። ሌላ ምኞት አልቀራትም።

ድመቲቱ መጥታ ጎተራው ሥር ተወሸቀች። አይናለም የፈትል ልቃቂት አንከባለለችላት። ድመቲቱ ልቃቂቱን አየች፣ አይናለምን አየች፣ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። አይናለም ልቃቂቱን አነሳች። «ይቺ ፍጥረት እኮ እውነትም መጫወት አታውቅም» አለችው ለዳኘው። «አንተ ምናለ ብታጫውታት? ከሰው ቤት መጥታ፣ ዝም ባለ ቤት ውስጥ እንዴት ብላ ትልመድ?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሴትዮዋ የተናገረችው ስለ ድመት ነው። ዳኘው ግን በልጅነቱ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ነው፤ የሰማው ነገር ሁሉ ሰምና ወርቅ ይመስለዋል። በኛ አገር መጫወት ማለት ማውራትም ነውና፣ ድመቲቱን ሰም፣ ሚስቱን ወርቅ አድርጎ ፈታው። ከሰው ቤት የመጣችው ማን ናት? ሚስቱ ናታ። ዝም ያለው ቤትስ የማን ነው? ፊቱ ጠቆረ።

«ገባኝ» አላት።

«ኧረ እኔ ድመቷን ነው።»

ማን ሰምቷት። «አጫውት ካልሽኝ አጫውታለሁ» አለና ከአሮጌ ነጠላ ብጫቂ ቀዶ፣ ድመቲቱን በማጅራቷ አንጠልጥሎ ወጣ።

በእልህ ነው የጀመረው። ደጃፉ መደብ ላይ ይቀመጥና ብጫቂዋን መሬት ለመሬት ይጎትታል። ድመቲቱ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥላ ዘላ ያዘቻትና ልትውጣት ታገለች፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ለእሷ ምግብ ነው። ዳኘው ከጉሮሮዋ እየመዘዘ፣ «አይበላም እኮ፣ አንቺ ሆዳም» ይላታል። አኩርፋ ጎተራዋ ሥር ትገባለች። በማግስቱ ደግሞ እንደዚያው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰነበቱና አንድ ቀን ድመቲቱ ብጫቂዋን ያዘች፣ ነከሰች፣ ከዚያ ተፋቻትና ወደ ኋላ ፈንጠር ብላ፣ ጀርባዋን ቆልምማ ጠበቀች። እንደገና እንዲጎትትላት ነው። የማይበላ ነገር ማሳደድም ደስ እንደሚል ገባት። ዳኘው ሳቀ። አይናለም ማድቤት ሆና ሳቁን ስትሰማ ወንፊቱ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ። ሰውዬው ለድመት የማያወራው ነገር ጠፋ። የአዲሱን በሬ እልኸኝነት፣ የጎረቤትን ድንበር መግፋት፣ ስመኘው ልጅ ሳለ ከወንዝ የሚያመጣትን ዓሣ ሳይቀር ይነግራታል። አይናለም በድመት ቀናች። አዎ፣ በድመት። የተጠበሰ እሸት ይዛ አጠገባቸው ብትቀመጥ አፉ ይዘጋል፤ ስትነሳ ይከፈታል። እሷም ማድቤቱ ግድግዳ ጥግ ሆና በቆሎ እየፈለፈለች ማዳመጥ ለመደች። አንደበቱ መፍታታት ጀምሯል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ እኔም ይዞራል ብላ ተስፋ አደረገች፣ ሞኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድመቲቱ ስታሳድድ ስታሳድድ ደክሟት እግሩ ሥር ተጋደመች። ዳኘው ብጫቂዋን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ፣ «ጠሃ ደውሎልኝ ነበር እኮ» አላት። ጠሃ ቡሬ ያለው የዘር ነጋዴ ነው፣ የዳኘው የልብ ወዳጅ። «የዚያን ዕለት፣ ልጁ ከቤት ሳይወጣ። መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ ዛሬ ሰው እንዳትልኩ አለኝ። እኔ ደግሞ የበቆሎ ምርጥ ዘር አስቀምጥልኝ ብዬው ነበር። ዝናቡ መጥቷል፤ ዘሩ ለሌላ ይሰጥብኛል ብዬ ሰጋሁ። እናቱ ቅቤውን ስታስይዘው እኔም፣ ስትመለስ ዘሩን ይዘህ ና አልኩት። የስልኩን ነገር ዋጥሁት። ለማንም አልተናገርሁ፣ ላንቺ ነው አሁን የምነግርሽ፣ ውሮ።»

አይናለም ያበጠ ጉልበቷ እንዴት እንደታዘዘላት አታውቅም። በቆሎው ከጭኗ እየተንጠባጠበ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ለእሷ ነገርካት» አለችው።

ዳኘው ቀና አለ።

«እህትህ በሰው ፊት ስታዋርደኝ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርሁ።»

«ጧት ጧት ስሰግድ ታየኛለህ።»

«አይሻለሁ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ በቃሽ ማለት ምነው አቃተህ?»

ዳኘው ብጫቂዋን ከጣቱ ፈታ፣ መልሶ ጠመጠማት። «በቃሽ ብልሽ ለምን ትዪኛለሽ ብዬ» አለ። «ድመቷ ለምን አትልም።»

አይናለም እጮኻለሁ፣ ጎረቤት እጠራለሁ፣ እህትየውን አስመጥቼ በፊቷ እንዲናገር አደርገዋለሁ ብላ ነበር። አንዱንም አላደረገችም። ያ በጆግ የተቀዳ ውሃ፣ ስንት ጧት ልቧን ያሞቀላት ውሃ፣ ምን እንደነበር አሁን ገባት። ሰውዬው ኃጢአቱን በእሷ ጉልበት ሲያሰግድ፣ የከፈላት ውሃ መቅዳት ብቻ ነበር። ትታው ገባች።

ያን ምሽት ዳኘው ተናገረ። ሁለት ዓመት የታፈነው አንደበት ተከፍቶ አልዘጋ አለ። አለቀሰ፣ እግሯ ላይ ወደቀ፣ ለእህቴ ነገ ራሴ እነግራታለሁ አለ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ ይቅር በይኝ አለ። የተመኘችው ቃል አንድም ሳይቀር መጣላት። አይናለም ትሰማዋለች፣ ነገር ግን አንዱም ሆዷ አልገባ አላት። ይቅር ይበልህ ሳትለው ሄዳ ተኛች።

ጎህ ሳይቀድ ዳኘው እንደ ልማዱ ተነስቶ ውሃውን ቀድቶ በሩ ሥር አስቀመጠ። አይናለም ከመኝታዋ ንቅንቅ አላለችም። ቆሞ ጠበቃት። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይናለም፣ ሊነጋ ነው፤ አትሰግጂም?» አላት።

«ተራው ያንተ ነው።»

እጁን ሲታጠብ ሰማች፤ ከዚያ ጉልበቱ መሬት ሲነካ። አንድ ጊዜ ወደቀና ተነሳ፣ ደገመ። የነጠላው ጫፍ ከፍ ዝቅ ሲል ያየችው ድመት ከጎተራው ሥር ተፈናጥራ ወጣችና ዘላ ያዘችው። ዳኘው ቀስ ብሎ አስለቀቃትና ሰገደ። እሷ ግን ሊያጫውታት የተነሳ መስሏት፣ በተንበረከከ ቁጥር ትዘልበታለች፣ ታመልጠዋለች፣ ጀርባዋን ቆልምማ ትጠብቀዋለች።

አይናለም ሲሰግድ ብሰማ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። አላላትም። ድመቷን ነይ ብላ ልትጠራለት ትችል ነበር፤ አልጠራቻትም። ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች።