በሐጂ ኢብራሂም እጅ የደመቀ ቁጥር

እንግዳው ከፈለ አጎንብሶ የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ባየ ጊዜ ከማለዳ ጀምሮ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ተገፈፈ። ከይሪያ ይህን አየች፤ ምክንያቱንም ከአፉ ሳትሰማ ከብረቱ አነበበችው። ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የተቀረጹት አኃዞች እንደ አዲስ ምላጭ ያብረቀርቃሉ። መኪናዋ ከስልሳ ዓመት በላይ ኖራለች፤ የቁጥሩ ጠርዝ ግን የዛሬ ጠዋት ነው።

በባሮ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ከሚገኘው ጋራዣቸው ጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር የተጋደመችው ይህች ቀይ ባለ ሁለት መቀመጫ ጣሊያን ሠራሽ የእሽቅድምድም መኪና የአንድ ቡና ነጋዴ ነበረች። ሰውዬው በአብዮቱ ዋዜማ አገር ጥሎ ሲሄድ፣ መኪናዋን ሲጠግንለት ለኖረው ለከይሪያ አባት ለሐጂ ኢብራሂም ተወለት። ሐጂ መኪናዋ ከጥቂት እህቶቿ ጋር በእጅ የተሠራች ብርቅ እንደሆነች ሲናገር አረጀ። ከተማው «የሐጂ ብረት ድስት» እያለ ሲስቅበትም አረጀ። አሁን ወንድሟ ሰዓድ ቦታውን ለሱቅ ፈልጎታል፤ መኪናዋ ማንነቷ ዛሬ ካልተረጋገጠ በማግሥቱ ለብረት ቆራጭ እንደምትሰጥ ቤተሰቡ ተስማምቷል። ከፈለን፣ የአሮጌ መኪኖችን ማንነት በመመርመር የታወቀውን ሰው፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ከይሪያ ናት። ከሰዓት በኋላ ባለው በረራ ይመለሳል።

ከፈለ ቃላቱን እየመረጠ ተናገረ። ማንንም እንደማይከስ፣ ነገር ግን የጠፋ መኪና ቁጥር በተራ ቀፎ ላይ ቀርጸው የሚሸጡ ሰዎች ሥራ ብዙ ጊዜ እንዳጋጠመው፣ እንዲህ ባለ ብረት ሥር ስሙን ማኖር እንደማይችል አስረዳ።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሐጂ ኢብራሂም ጆሮው ደክሟል፤ የሰማው «ቁጥር» የሚለውን ብቻ ነው።

«አሁን ጥሩ ይነበባል አይደል?» አለ ደስ ብሎት። «ዝገት በልቶት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ እንዳይቸገር ብዬ በማለዳ ተነሥቼ ደግሜ በመምታት አጎላሁት።»

ከይሪያ ነገሩ ገባት። በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ መርማሪው ቁጥሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ያሻል፤ ቁጥሩ ካልወጣ መኪናው ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ርጥበት ብረትን እንደ ምስጥ በሚበላበት አገር ጠንቃቃ ባለንብረት ከምርመራው በፊት ቁጥሩን በመዶሻ ያጎላል። ለአባቷ ይህ ማጭበርበር ሳይሆን እንግዳ ከመቀበል በፊት ፊትን እንደ መታጠብ ያለ ጨዋነት ነው። እውነተኛውን ቁጥር ሐሰት እስኪመስል ድረስ አከበረው።

የመጀመሪያ ሐሳቧ አባቷን ዝም ማሰኘት ነበር። ወዲያው ተጸየፈችው። ወደ ጋራዡ ገብታ የቁጥር ማተሚያ ብረቶቹን ሣጥን ይዛ ወጣችና ከከፈለ ፊት አስቀመጠችው።

«የአባቴ እጅ ነው፤ ዛሬም፣ ከዚያ በፊት ትነዳ በነበረ ጊዜም በየዓመቱ። ይህን ቁጥር ከማስረጃ ያውጡት።»

«ታዲያ ምን ቀረን?»

«አባቴ መርማሪ የማያየውን ቦታ ነክቶ አያውቅም።»

ከፈለ ሊሄድ ያነሣውን ሻንጣ መልሶ መሬት ላይ አኖረ። ያን ጊዜ በሮችና ኮፈን ለእያንዳንዱ መኪና በእጅ ተሞርደው ይገጠሙ ስለነበር፣ እንዳይቀላቀሉ ከሻንሲው ቁጥር የተለየ የቀፎ ቁጥር በየክፍሉ ስውር ጎን ይመታ እንደነበረ ነገራት። የዚህኛው ሻንሲ የቀፎ ቁጥር በኪሱ ባለው የፋብሪካው መዝገብ ቅጂ ላይ ሰፍሯል።

«እኔ አልነግርዎትም። ከነገርኩዎት ዓይንዎ የሚፈልገውን ያያል። እርስዎ ፈልገው ያንብቡልኝ።»

ከኮፈኑ ጀመረች። ማጠፊያውን በናፍጣ አጥባ ያገኘችውን ጮክ ብላ አነበበች። ከፈለ ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም። አባቷን ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ብትጠይቀው፣ ኮፈኑማ የመኪናዋ እንዳልሆነ፣ ጎሬ መንገድ ላይ ግንድ ወድቆባት ነጋዴው የእህት መኪናዋን ኮፈን እንዳስመጣ በግዴለሽነት አወጋት። ከፈለ ማብራሪያ ሁልጊዜ እንደሚገኝ፣ እርሱ ግን ብረት እንደሚፈልግ በትሕትና አሳሰበ። ሰዓቱንም አየ።

በሮቹ ቀሩ። የውስጥ ልጣፋቸው ሐጂ ለዓመታት በሰም እያሸ ያቆየው ቆዳ ነው፤ ብሎኖቹ ዝገው ከላሜራው ጋር አንድ ሆነዋል። የጋራዡ ላሜራ ቀጥቃጭ ኦፒው ካቻቢቴውን ሞክሮ ተወው።

«ቆዳው ካልተቀደደ አይሆንም፤» አለ። «ሐጂ ደግሞ ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ። ምላጩን ስጠኝ።»

ቆዳውን ራሷ ቀደደችው። ከወንበሩ በኩል የማቃሰት ያህል ድምፅ ሰማች፤ እጇ ግን አልቆመም። ከሥሩ ባሮ ሞልቶ ጓሮ በገባበት ክረምት የተጋገረ ደለል ነበር። በውኃ እያራሰች በጣቷ ፈለፈለችው። መጀመሪያ ፀሐይ ያላየው ቀይ ቀለም ወጣ፣ ቀጥሎም በቀለሙ ሥር ቀጫጭን አኃዞች። የአባቷ ማተሚያ ጣት ያህል ይወፍራል፤ እነዚህ የጥፍር ጫፍ አይሞሉም። ቀለሙ በጎድጓዳቸው ውስጥ ፈስሶ ደርቋል፤ መኪናዋ ቀይ ከመሆኗ በፊት የተመቱ ናቸው።

«ሁለት፣ ዜሮ፣ ስድስት።»

ከፈለ ሌላኛውን በር እንድትከፍት ብቻ ጠየቃት። ሁለተኛውን ቆዳ ስትቀድ አባቷን ላለማየት ጀርባዋን ሰጠችው።

«ሁለት፣ ዜሮ፣ ስድስት።»

ሰውዬው የፋብሪካውን ቅጂ ከኪሱ አውጥቶ ወደ እሷ አዞረው። ከቀፎ ቁጥር አጠገብ ሁለት፣ ዜሮ፣ ስድስት ይላል። ከፈለ ኮፈኑ የሌላ መሆኑን በግልጽ እንደሚጽፍ፣ በሻንሲው ላይ ያለው እጅም የማን እንደሆነ እንደሚያሰፍር፣ መኪናዋ ግን ራሷ እንደሆነች በስሙ እንደሚመሰክር አረጋገጠላት። ከዚያም ወደ ወንበሩ ሄዶ ለሐጂ በጆሮው ነገረው።

«እኔ መቼ ተጠራጠርኩ?» አለ ሐጂ ኢብራሂም። ዓይኖቹ ግን እንባ አቅርረው ነበር።

ከይሪያ ለሰዓድ ስልክ ደውላ ብረት ቆራጩን እንዲመልሰው በአጭሩ ነገረችው፤ ሱቁን ሌላ ቦታ ይሥራ። እንግዳውን አሳፍራ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለማድረስ የጋራዡን ፒካፕ ስታስነሣ ዘወር አለች። አባቷ ምርኩዙን ተደግፎ በቀይዋ መኪና በር ላይ አጎንብሷል። በአውራ ጣቱ ቀጫጭኖቹን አኃዞች ይዳብሳል።

«ይሄማ ደብዝዟል፤» ሲል ሰማችው። «ኦፒው፣ እስቲ ያን ሣጥን...»

ከይሪያ ወርዳ የማተሚያ ብረቶቹን ሣጥን አነሣች፤ በከፈለ ጭን ላይ አስቀመጠችውና መንገድ ጀመረች።