የአንድ ሳሙና ሁለት ግማሽ

ውባንቺ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ርስት የወረሰች ሴት ናት። በመንደሯ በቁሐር ሚካኤል የማትጠረጥረው ነገር ቢኖር ታቦቱን ብቻ ነው። ምራቷን እየሩስን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወዳት ነበር። ልጅቷ በግንቦት ለልጇ ለሰውመሆን ተድራ ስትመጣ አንገቷን የደፋች፣ እጇ ሥራ የማይፈራ ሆና አገኘቻት። ሙሽራ ደግሞ ዓይን እንዳያያት ተብሎ ከቤት ርቃ አትሄድምና፣ ከመንደሩ ፓምፕ ውኃ የምትቀዳው ራሷ ውባንቺ ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ በሳሙና ነው። ውባንቺ ከወረታ ገበያ ያመጣችውን ረጅም የልብስ ሳሙና በክር ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ለራሷ አስቀረች፤ ግማሹን ለእየሩስ ሰጠች። የእሷ ግማሽ ብትፈትገው፣ ብታሸው አረፋ እምቢ አለ። ሳፋው ላይ ግራጫ ቅራፊ ይንሳፈፋል፤ ጋቢውም ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይሻክራል። ጓሮ ያለው የእየሩስ ሳፋ ግን አረፋው ሞልቶ ይፈሳል።

ሳሙናዬን ለወጠችብኝ አለች በሆዷ። እየሩስ ዞር ስትል ጠብቃ ሁለቱን ግማሾች አቀያየረች። በማግሥቱም የእሷው እምቢ አለ፤ የእየሩስ አረፋ አወጣ። ያኔ ውባንቺ ፈራች። ሳሙናው አንድ ከሆነ ነገሩ ያለው ከልጅቷ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ በሹክሹክታ ግን ትዳር ያፈርሳል።

ለልጇ ሹክ አለችው። ሰውመሆን መጀመሪያ ሳቀ፤ ውሎ አድሮ መሳቁን ተወ። ይባስ ብሎ ልጅቷ ከገበታ መራቅ ጀመረች፤ ጠግቤያለሁ ትላለች። ሰው የሚበላ ምን እንጀራ ያሻዋል ስትል ውባንቺ ይህንንም በማስረጃነት ያዘችው። ሽማግሌ ጠርታ ልታሰናብታት ቆረጠች፤ ከዚያ በፊት ግን የነፍስ አባቷ አባ ኪዳነ ማርያም በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለገች።

አባ የሩዙን ማሳ ጭቃ እየረገጡ መጡ። ውባንቺ ከጀሪካኑ ውኃ ሳፋው ላይ ገለበጠችና የራሷን ሳሙና ለእየሩስ ሰጥታ፣ እጠቢ አለቻት። እየሩስ ፈተገች፤ አረፋ የለም።

«አዩ አባ፣» አለች ውባንቺ፤ «መስቀልዎን ሲያይ ሸሸ።»

አባ በመንገድ አዳልጧቸው እጃቸው ጭቃ ነክቶ ነበርና መታጠቢያ ጠየቁ። እየሩስም ያንኑ ሳሙና ሰጥታ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ከሚጠራቀምበት በርሜል ቀድታ አስታጠበቻቸው። አረፋው እስከ አንጓቸው ሸፈናቸው። ሽማግሌው እጃቸውን አዩ፤ በርሜሉን አዩ፤ ጀሪካኑን አዩ።

«ይህ ከየት ነው የተቀዳ?» አሉ።

ውባንቺ ከፓምፑ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«የፓምፑ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ከባድ ውኃ ነው፤ ሳሙና ይበላል። የሰማዩ ለስላሳ ነው። ልጅቷስ ለምን ከፓምፑ አትቀዳም?»

ከደጅ አትውጪ ያለቻት ራሷ ውባንቺ ናት፤ ልጅቷም ያላት የጣሪያው ውኃ ብቻ ነው። አላምን ብላ በርሜሉ ዘንድ ሄዳ ሳሙናውን በእጇ አሸችው፤ ወዲያው አረፋ አወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እየሩስ ያን ጊዜ ተናገረች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እማማ፣ ሳሙናዬን ለውጠውብኝ ነበር። የኔው ጫፉ ላይ ማኅተም ነበረው፤ ማኅተሙ እንደሌለ ያየሁት አጥቤ ስጨርስ ነው። መድኃኒት አስነክተውበት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ የነኩትን አልቀምስም፤ ራሴ የቆላሁትን ቆሎ ነው የምቆረጥም። ለአባቴም መልእክት ልኬለታለሁ፤ መጥቶ ይወስደኛል።»

ውባንቺ ልጅቷን አየቻት፤ ጉንጮቿ ጎድጉደዋል። እሷ ምራቷን ቡዳ ስትል፣ ምራቷ እሷን መርዘኛ ስትል፣ አንድ ጣሪያ ሥር ከርመዋል። አዘነች፤ ከማዘኗም ይልቅ አፈረች። ጓዳ ገብታ ጠላ ቀዳች። ለእንግዳ እንደሚደረገው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ይዛላት ወጣች።

«አባትሽ ሊጠይቅሽ ይምጣ እንጂ ሊወስድሽ አይምጣ፣» አለች። መቅመሱ አልበቃት ብሎ ከዋንጫውም አንድ ጊዜ ተጎነጨችና በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

እየሩስ ዋንጫውን ተቀበለች። ውባንቺ በአፏ የያዘችውን እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ጠጣች።