ዶይል ያልተቀበለው ጥይት

«ሃስኬት የራሱ የዶይል ጥፋት ነው እያለ ነው፤ በጆሮዬ ሰማሁት» አለች ሎሬታ፣ የሞቀውን የድንች ትሪ ከምድጃው እያወጣች። «የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ!»

የዶይል ሚስት ኔልዳ ትሪውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ፈለገችለት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያመጡት ምግብ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። ሳህኖቹ እንዳይቀያየሩ ከሥራቸው የባለቤቶቹ ስም ተለጥፏል። ባሏ ሞቶባት የሰው ሳህን እንዴት እንደምትመልስ ስታስብ ራሷን ጠላች።

ሳሎን ውስጥ ሚስተር ሃስኬት በሟቹ በዶይል ወንበር ላይ ተቀምጧል። ራንቹ፣ ሰፊው የአደን መሬት፣ የእሱ ነው፤ አጋዘኖቹም የእሱ ናቸው፤ ዶይልና ኔልዳ ያረጁበት ቤትም የእሱ ነው።

«ዕድሜ ልኩን አዳኝ ሲመራ የኖረ ሰው» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዴት የእንግዳውን ጥይት ሳይቀበል ወደ ቁጥቋጦ ይወርዳል? ግራ የሚገባ ነገር ነው።»

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ አገር ይህን ልጅም ያውቀዋል። አጋዘኑ ቆስሎ ከሸሸ መሪው በመጀመሪያ የእንግዳውን ጥይት ተቀብሎ ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ነው አድፍጠው ከሚጠብቁበት ማማ ወርዶ የደሙን ዱካ የሚከተለው። ትልቅ ቀንድ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ከከተማ የመጣ ሰው ደሙ ከሞቀ፣ ቅጠል ባንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ላይ ይተኩሳል። ብራንት የሚባለው የሂዩስተን ጥርስ ሐኪምም የተንቀሳቀሰው ላይ ተኮሰ። ዶይል ነበር።

ጠዋት ሃስኬት ኔልዳን ለብቻዋ አግኝቷት ነበር። «ስለ ቤቱ አታስቢ፣ እዚሁ ትኖሪያለሽ» አላት። «ነገ መርማሪው ሲመጣ ብቻ፣ ጥይቱን መቀበል ረስቶ ነው በይ። ነገሩ በዚያው ያልቃል።» ኔልዳ ዞር ብላ ቤቱን አየች። የምትሄድበት የላትም።

ዶይል ግን አልረሳም። የአደኑ ወቅት እንደተከፈተ አንድ ምሽት ጭቃ የያዘ ጫማውን ሳያወልቅ መጥቶ ጠረጴዛው ጋ ዘጭ አለ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«አንዱ የዳላስ እንግዳ፣ እንደ ሕፃን ጥይቴን ቀማኝ ብሎ ከሰሰኝ።»

«ለሃስኬት?»

«ለማን ይሆናል? ይህን ሁሉ ከፍለው መጥተው እንደ ሌባ አይበረበሩም፣ ሁለተኛ ጥይታቸውን እንዳትነካ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ ኔልዳ? ቤቱ የእሱ ነው።»

ዶይል ከኳስ ዳኛ ጋር በቴሌቪዥን የሚጨቃጨቅ፣ ቄሱን በስብከት መሃል የሚያርም ሰው ነበር። ያን ምሽት ግን ለእሷ ጣሪያ ሲል ቃሉን ዋጠ። ኔልዳ ይህን እያሰበች የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

የሳሎኑ በር ተከፈተና ብራንት ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ለቀስተኞቹ መንገድ ለቀቁለት።

«ይግቡ ዶክተር» አለ ሃስኬት ከወንበሩ ተነስቶ። «እርስዎ ምን ያድርጉ? ዶይል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ረስቶት ነው። አይደለም ኔልዳ?»

ሁሉም ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ። ኔልዳ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች።

«አልረሳም» አለች። «እርስዎ ነዎት የከለከሉት። ማታውኑ ነግሮኛል። ነገም ለመርማሪው የምናገረው ይህንኑ ነው።»

ሃስኬት ባርኔጣውን አነሳ። «ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። ስትረጋጊ ስለ ቤቱ እንነጋገራለን።»

«የምንነጋገረው የለም። እለቃለሁ።»

ወጣ። ኑሯቸው በሃስኬት እጅ የሆነ ሁለት ሦስት ሰዎችም ዓይኗን ሳያዩ ተከትለውት ወጡ። ሎሬታ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች።

ብራንት እዚያው እንደቆመ ነው። ከኮቱ ኪስ ያረጀ የቆዳ ጓንት አወጣ። «ማማው ላይ እጄን ሲበርደኝ ዶይል አይቶ... ከእጁ አውልቆ ነው የሰጠኝ። ልመልስ ብዬ...» ጓንቱን ሰጣትና ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ኔልዳ ጓንቱን አጠለቀችው። ቆዳው የዶይልን ጣቶች ቅርጽ ይዞ ደርቋል፤ የእሷ ጣቶች ጫፉ ድረስ አልደረሱም። የተዘረጋውን የብራንት እጅ አየችው። ከዚያ ጓንቱን ሳታወልቅ ጨበጠችው።