ሁለቱን የሚያስቀምጥ ቤት

ትእዛዙ የሰቆጣን ምግብ ቤትና ግሮሰሪ ሁሉ በእግሩ ቆጥሮ ጨርሷል፤ የበላበት ግን የለም። ይገባል፣ ወንበር ይነቀንቃል፣ የድምፅ ማጉያው የት እንደተሰቀለ ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ ይወጣል። አስተናጋጆቹ ስም አውጥተውለታል።

«ኢንስፔክተሩ መጣ! ጠረጴዛ ወልውሉ!»

እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጉንጩ አያልፍም። እግሩ ደክሞታል። ከእግሩ ይልቅ የደከመው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሥራው የማር አምራቾች ዩኒየን ጉዳይ አስፈጻሚነት ነው። ደብዳቤ ያደርሳል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ስብሰባ የሚደረግበትን ቤት ይመርጣል። ይህ የመጨረሻው ሲሉት ቀላል ይመስላል። አምና በጥር ግን ያንን ቀላል ነገር አበላሽቶ፣ የአርባ አባወራ ማር መሬት ላይ ጥሏል ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዩኒየኑ የጋዝጊብላ ንብ አናቢዎችን ሽማግሌ አያ ወልደ ገብርኤልንና የሰቆጣውን ነጋዴ ሐጂ ሙሄዲንን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ማሩ ያለ ደላላ ከቀፎ ወደ መጋዘን እንዲሄድ ሊያስማማ ፈለገ። ትእዛዙ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አይቶ አንድ ሆቴል መረጠ። «የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ፣ ለየብቻ» ብሎ አዘዘ። ሥጋው ለየብቻ ታረደ፣ ለየብቻ ተጠበሰ። አስተናጋጇ ግን ሁለቱን ጥብስ አንድ ትሪ ላይ ጎን ለጎን ደርድራ፣ ፈገግ ብላ አመጣችው። ሐጂ ትሪውን አዩት። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ማሩ በየቤቱ ተቀምጦ ኖረና፣ በመጨረሻ ደላሎች እንደፈለጉ ለቃቀሙት።

የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ የሺመቤት ዘንድሮ ጠርተው ነገሩት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በሁለት ጣታቸው እያሹ ነበር።

«ትእዛዙ፣ ስማኝ። ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው አንድ እህል ካልቀመሱ፣ የተባባሉት ነገር አይጸናም። አንተም የአገርህን ሰው ታውቀዋለህ። ዘንድሮም ከተነሡ ውልህን ለማሳደስ እኔ አፍ የለኝም።»

ውሉ የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ነው። ካልታደሰ የሚጠብቀውን መንገድ ያውቀዋል፤ የሰፈሩ ጓደኞች ሁሉ ሄደውበታል። ወደ ወልድያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር። ትእዛዙ ባሕርን በሕልሙ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ በሕልሙም ቢሆን ዳርቻው ላይ ቆሞ ይነቃል እንጂ ገብቶበት አያውቅም። ሆኖም ባለፈው ሳምንት ፎቶ ቤት ሄዶ ለፓስፖርት የሚሆኑ አራት ጉርድ ፎቶግራፎች ተነሥቷል። በፖስታ አድርጎ በሸሚዝ ኪሱ ይዟቸው ይዞራል።

ቤት ፍለጋው ከገና ጀምሮ ነው። አንደኛው ሆቴል ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ግሮሰሪዎቹ ድራፍት አላቸው፤ ሐጂ የቢራ ሽታ ካለበት በር ላይ እንኳ አይቆሙም። የጠጅ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ «የማር ስብሰባ ከጠጅ ቤት ሌላ የት ይደረጋል? በርሜል ይቆጣል እኮ!» ብሎ አሾፈበት። የመንግሥት ሠራተኛ የሚሰበሰብበት ካፌ ንጹሕ ነው፤ ወንበሩ ግን ተጠጋግቶ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ የተወራው ለሌላው በማኪያቶ ይቀርባል። ሁለት ሰው ሳይስማማ ከተማው ተስማምቶ ይጠብቀዋል።

አንድ ሌሊት ተኝቶ ሲያስብ ነገሩ በራለት። ለካ ችግሩ ቤቱ አይደለም፤ ሥጋው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ግን በክርስቲያን ምግብ ቤት ሁሉ ሥጋ ይቆማል። ሽሮ ሃይማኖት የለውም፣ ጎመንም ሲቀነጠስ አይባረክበትም። ስብሰባው በሁዳዴ ይሁን! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁን፤ አያ ወልደ ገብርኤል ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምሱምና። የእስላሙ ጾምስ? አምና ሁዳዴ ሰኞ ገብቶ የእነሱ ቅዳሜ ነበር የገባው። ስለዚህ ረቡዕ ይሁን። መሐል ላይ።

ወይዘሮ የሺመቤት ሲሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ደብዳቤ ተጻፈ። የአምናው አሳፍሯቸው ስለነበር ደብዳቤው ላይ ስለ ምግብ አንድ ቃል አልሰፈረም፤ «ስብሰባ» ብቻ።

ቤቱንም አገኘ። የትርፌ ምግብ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ከጓዳው ወዲያ በር ያለው አንድ ክፍል አለው።

«እትዬ ትርፌ፣ ቴሌቪዥን የለሽም?»

«ተበላሽቷል።»

«እንዳታሠሪው።»

«ኧረ ወዲያ! ደንበኛ ሸሸኝ እያልኩ አንተ መበላሸቱን ትመርቅልኛለህ?» አለች ትርፌ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ለመሆኑ ማንን ነው የምታመጣብኝ? ጳጳስ ነው?»

«ሐጂ ሙሄዲንን። አያ ወልደ ገብርኤልንም።»

ትርፌ እጇን መጥረጉን ተወች። የአምናውን ያልሰማ የለም። «እንዲያ ከሆነ የእኔ ድስት አይሆንም» አለች ቀስ ብላ። «ስንት ቅቅል ቀቅዬበታለሁ። አዲስ ድስት አምጣ፤ ብርጭቆም እንደዚያው።»

ረቡዕ ጠዋት ትእዛዙ ወደ ዓሲያ ሱቅ ሄደ። ዓሲያ የሐጂ ሙሄዲን ልጅ ናት፤ ገበያው መግቢያ ላይ የቤት ዕቃ ትሸጣለች።

«ሁለት አዲስ ድስትና ስድስት ብርጭቆ አውሺኝ። ለአባትሽ ነው።»

«ለአባቴ? ምን ሊሠራበት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስብሰባው ጋር ምሳ አለ።»

የዓሲያ እጅ መደርደሪያው ላይ ቀረ። «ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ትእዛዙ፣ ትናንት ማታ ጨረቃ ታየች እኮ። ጾም ገብቷል።»

«ቅዳሜ አይደለም እንዴ? አምና ሁዳዴ በገባ በቅዳሜው...»

«አምና!» ዓሲያ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠችው። «ጨረቃ የናንተን ቄስ ጠይቃ ትወጣለች እንዴ? በየዓመቱ ዐሥር ዐሥራ አንድ ቀን ትቀድማለች። ጎረቤታሞች ሆነን ይህንን አታውቅም?»

«አባትሽ ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብሎ? የጠራችሁት ለስብሰባ ነው። ስብሰባ በጾም አይከለከልም።» ድስቶቹን በጋዜጣ ጠቀለለችለት። «ውሰዳቸው ግን። ባይበላባቸውም አዲስ ናቸው።»

ድስቱን ለትርፌ አድርሶ ወደ ቢሮ ሲወጣ መንገዱ ረዘመበት። ባጃጅ ጡሩንባ ነፍቶበት አለፈ። ለወይዘሮ የሺመቤት ሲነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወደ ማታ ብናዞረውስ?» አለ እሱ።

«ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ? ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሱትን? የጋዝጊብላ መጨረሻ ሚኒባስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። እኔ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? አንተስ ምን ብለህ ትጠይቃቸዋለህ?» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ተወው። እንደተባለው ይሁን። የሚሆነውን እናያለን።»

ትእዛዙ ግን ልጠይቃቸው ብሎ መናኸሪያ ወረደ። አያ ወልደ ገብርኤል ከሚኒባሱ በዱላቸው ተደግፈው ሲወርዱ፣ ከንፈራቸው በጾም ደርቆ ሲያይ ተወው። «ደኅና ገቡ ወይ?» ብቻ አለ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን። ዘንድሮስ ደኅና ቤት አገኘህ?» አሉት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሐጂ ሙሄዲን በሰዓታቸው መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ተነሣሡ፤ ከአንገት በላይ የሆነ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም የደረቀ ሰላምታ። ወይዘሮ የሺመቤት ስለ ጥቅምቱ ማር፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ደላሎቹ ተናገሩ። ሁለቱም «ጥሩ ነው» አሉ። ደግመው «ጥሩ ነው» አሉ። 

ስለ ጾሙ ምንም ያልተነገራት ትርፌ ትሪውን ይዛ ገባች። ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ እንፋሎቱ ገና አልበረደም። ጠረጴዛው መሐል አስቀምጣ «ብሉልኝ» አለች።

ሐጂ ከወንበራቸው ትንሽ ሸሸት አሉ። «ብሉ እናንተ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ዛሬ ገብቷል።»

ትእዛዙ በር ላይ ቆሞ ያያል። አምና እንደዚሁ ነበር የጀመረው፤ ወንበር ሸሸት ሲል። ሐጂ ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

አያ ወልደ ገብርኤል እጃቸውን ታጥበው ነበር። እጃቸው ትሪው ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ክደኚው» አሏት ትርፌን።

«ምነው አያ? አልጣመዎትም?»

«ሳልቀምሰው በምን አውቄ? ክደኚው ብያለሁ።»

«ኧረ በአላህ!» አሉ ሐጂ። «ከትናንት ጀምሮ አልቀመሱም። እኔ ወጣ ልበልልዎት፤ ይብሉ። መኪናውም ያመልጥዎታል።»

«ቁጭ ይበሉ።» አያ ወልደ ገብርኤል ዱላቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። «እርስዎ ከእኔ በስንት ያንሳሉ?»

«በሦስት፤ ወይ በአራት ዓመት።»

«እንግዲህ ታናሽ እየጾመ ታላቅ ይጎርሳል? አገር ምን ይለኛል? የእርስዎ ሲፈታ የእኔም ይፈታል።»

ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ጾሙ እስኪፈታ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀራል። ትርፌ ትሪውን በእፊያ ከድና ሄደች። ሽታው ግን አልተከደነም። ወይዘሮ የሺመቤት የተዘጋጁበትን ወረቀት ጨረሱ፤ ሁለተኛ ገጽ አልነበረውም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ የጋዝጊብላ ሚኒባስ ጡሩንባውን እየነፋ ሲወጣ ሁሉም ሰሙት፤ ማንም ግን ስሙን አልጠራም። አያ ወልደ ገብርኤል በኽምጥኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሐጂም በኽምጥኛ መለሱ። አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው፤ የሁለቱም። ወይዘሮ የሺመቤት ከወልድያ የመጡ ስለሆኑ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትእዛዙ እናቱ የጋዝጊብላ ናትና ግማሹን ለቀመ።

ስለ ንብ ነበር መጀመሪያ። በድርቁ ዘመን ቀፎውን ጥሎ ስለሄደ ንብ። ከዚያ ስለ ልጆች፤ የአንዱ ልጅ ሪያድ ነው፣ የሌላው ከወጣ ወሬው ጠፍቷል።  ከዚያ ሐጂ ስለ አምናው ጀመሩ።

«በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳስር ነበር» አሉ። «ጫማዬ ክር የለውም። አንድ ሰው 'ይመለሱ' ቢለኝ ብዬ ነው።»

አያ ወልደ ገብርኤል መለሱ። «አይቼዎታለሁ። የተነሣ ሰው ይያዛል ወይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔም ደግሞ ኮርቼ ነበር።»

«እኔም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ማሩ ያወሩት ጥቂት ነበር፤ ግን ሁሉ ነገር በዚያች ጥቂት ውስጥ አለቀ። የማን ቀፎ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ማን ጭኖ እንደሚያመጣው። ሐጂ በአማርኛ ደግመው ለወይዘሮ የሺመቤት ሲነግሯቸው፣ ወይዘሮዋ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ተጣድፈው ጻፉ።

አዛን ሲሰማ ሐጂ ከኪሳቸው ተምር አወጡ። ሁለት ነበር፤ አንዱን ለአያ ወልደ ገብርኤል ሰጡ። ትርፌ ትሪውን ገልጣ፣ «በርዷል፤ ላሙቀው?» አለች። ሁለቱም በአንድነት «ተዪው!» አሏት። ከአንድ ትሪ በሉ። 

ትእዛዙ አሁንም በር ላይ ነው። አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ሽማግሌው ማደሪያ የላቸውም። የሚያድሩበት፣ ከታች ግሮሰሪ የሌለው፣ ጸጥ ያለ አልጋ ቤት። በልቡ ከተማውን እንደገና መዞር ጀመረ፤ «ኢንስፔክተሩ መጣ!» የሚሉት ድምፅ ተሰማው።

«ወዴት ነው?» አሉት ሐጂ ሲወጣ አይተው።

«ለአያ አልጋ ልፈልግ።»

«እኔ ቤት እያለ አልጋ ይፈለጋል? ና ቁጭ በል። አምና አስነሥተኸን፣ ዘንድሮ ደግሞ አስርበኸናል፤ ቢያንስ አብረኸን ብላ።»

አያ ወልደ ገብርኤል ሳቁ። ምስር የተጠቀለለበት ትልቅ ጉርሻ አጎረሱት። ሲያኝክ መንጋጋው አመመው፤ እሱም ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላም ነበር፤ አሁን ነው ያስታወሰው።

ወይዘሮ የሺመቤት ወረቀታቸውን እያጠፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ነገ ጠዋት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘህ ና» አሉት። «ለአዲሱ ውል።»

«አሁን ይዣለሁ» አለ ትእዛዙ።

ግራ እጁን ሸሚዝ ኪሱ ከቶ ፖስታዋን አወጣ። ሁለቱን ለይቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ወጥ ያልነካው ቦታ አስቀመጠ። ሁለቱ ቀሩ። ለአፍታ አያቸው፤ ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተታቸውና ወደ ትሪው ጠጋ አለ።