አስራ አንድ ሰዓት ብቻ

ቲኬት ሻጯ አንድ ክፉ የሥራ ልማድ ነበረባት። መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል ሲሏት አየር ላይ ያለውን ብቻ ደምራ ትናገራለች። ቢሮው ሁሉ እንደዚያ ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ የሚጠበቀውን ከነገርሽው ደንበኛው ይሸሻል ብለው ነው ያስተማሯት። እናቷ ወዳለችበት ከተማ መጀመሪያ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ሰባት ሰዓት፣ በድምሩ አስራ አንድ። በመሃል ያለውን የዘጠኝ ሰዓት ጥበቃ የሚቆጥረው የለም።

ለእናቷም ይህንኑ ስትነግራት ኖረች። "አይዞሽ እማዬ፣ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠርተሽኝ ሳትጨርሺ እደርሳለሁ" ትላታለች። በስምንት ዓመት የሄደችው ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም ሳትናገር ድንገት ከተፍ ስላለች እናቷ ሰዓቱን ቆጥራ አታውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

አንድ ቀን ጠዋት ገና ቢሮ እንደገባች ታናሽ ወንድሟ ደወለ።

"እታለም፣ እማዬ ሆስፒታል ናት። አንጀቷ ተጠላልፏል፤ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም ይላል ሐኪሙ። እሷ ደግሞ አልፈርምም አለች።"

"ለምን?"

"ልጄን ሳላይ ቢላ አይነካኝም ነው የምትለው። አስራ አንድ ሰዓት አይደል፣ እችለዋለሁ ትላለች።"

ስልኩን ስጣት አለችው።

"እማዬ፣ አስራ አንድ አይደለም። ከቤቴ እስከ አልጋሽ ሃያ ስድስት ሰዓት ነው። በሞቴ ፈርሚ።"

እናቷ ሳቅ አለች። "እንድፈርም ብለሽ ነው። መንገዱ ዛሬ ረዘመ? ስንት ዓመት የነገርሽኝን የረሳሁት መሰለሽ? ነይ ልጄ፣ እጠብቅሻለሁ።"

ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ስምንት ዓመት የዋሸችው ታምኖላት፣ አንድ ቀን የተናገረችው እውነት ውሸት ተባለባት። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

የቢሮው ሰው ኮምፒውተር ላይ ተረባርቦ አጭር መንገድ ፈለገላት። የለም። አለቃዋ "አይዞሽ፣ አስራ አንድ ሰዓት ነው" ሲላት አፈጠጠችበት፤ እሱም የተናገረው ገብቶት አቀረቀረ።

ታክሲ፣ ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ አራት ሰዓት በረራ። አስራ አንዱ ሰዓት የሞላው አውሮፕላን የሚቀየርበት አዳራሽ ውስጥ፣ ብረት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ፅዳት ሠራተኛዋ እግሯን እያስነሳቻት ወለሉን ስትወለውል ስልኩ ጮኸ።

"የት ደረስሽ?" አለ ወንድሟ።

"መሃል ላይ ነኝ። ፈረመች?"

"የለም። ሰዓቱ ሞልቷል፣ ልጄን ዘበኛው እንዳይከለክላት ውረድ ብላ የሆስፒታሉ በር ላይ አቁማኛለች። ትኩሳቷ ብሷል። ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ አላውቅም ብሏል። ምን ልበላት?"

ውሸቱን የጀመረችው እሷ፣ መጨረስም የእሷ ነው ብላ አሰበች።

"ደርሳለች በላት። በሩ ላይ ፍተሻ ይዟት ነው፣ እስክትገባ ፈርሚ ብላለች በላት። ስልኩን አትዝጋው።"

ደረጃውን ሲሮጥ ሰማችው። ትንፋሹ፣ በር ሲከፈት፣ የወንድሟ ድምፅ። ከዚያ የእናቷ፣ የደከመ ግን ደስ ያለው ድምፅ መጣ።

"አላልኳችሁም? ልጄ ቃሏን አታጥፍም። በሉ ፀጉሬን አስተካክሉልኝ፣ ቀና አድርጉኝ። ከደረሰችማ አይቻት ልፈርም።"

ሰሌዳው ላይ የሚቀጥለው በረራ ሊነሳ ገና ስድስት ሰዓት ይቀረው ነበር።